ማስተዋል ከመምህር ይገኛልን?

የሃይማኖት አባቶች ማስተዋልን ከእግዚአብሔር ሀብታት አንዱ አድርገው ሲቈጥሩት ኖረዋል፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ከእሴይ ግንድ በሚወጣው በትር ላይ ያርፋሉ ብሎ ከዘረዘራቸው ሀብታተ መንፈስ ቅዱስ መካከል ጥበብና ማስተዋል በቅድሚያ ተጠርተዋልና፣ የቅኔውም ሆነ የመጽሐፉ ተማሪ ከጉባኤው ከመቀመጡ አስቀድሞ ልቡናውን ያበራለት ዘንድ ፈጣሪውን መለመኑ ከጥንት የወረስነው ልማድ ነው። ይህ እምነት እውነት ከሆነ፣ እኔም እውነት እንደ ሆነ አምናለሁ፣ ወዲያው ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ ማስተዋል ከላይ የሚሰጥ ሀብት ከሆነ፣ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ የዚህ አንቀጽ ዋና ሐሳብ ምንድን ነው እያለ ሕፃናትን የሚጠይቅ መምህር የሚያስተምረው ምኑን ነው? ፊደልን ማስተማር ይቻላል፤ ቁጥርን ማስተማር ይቻላል፤ ነገር ግን የተነበበውን ልብ ማለትን፣ ከብዙው ቃል መካከል ተናጋሪው ሊል የፈለገውን አንዱን ነገር ለይቶ መያዝን፣ የራስንም ሐሳብ ሌላው ሰው ሊይዘው በሚችል ሥርዐት አስተካክሎ መጻፍን ሰው ለሰው ሊያወርሰው ይችላልን?

ይህ ጥያቄ ለሊቃውንት ብቻ የሚቀርብ መስሎ የሚታየው ቢኖር፣ ወደ አንድ የአምስተኛ ወይም የስድስተኛ ክፍል ገብቶ ጥቂት ይስማ። ልጁ ተነሥቶ ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ሳይደናቀፍ፣ ድምፁን አሳምሮ፣ በነጠላ ሰረዙ ዘንድ ጥቂት በአራት ነጥቡም ዘንድ ፈጽሞ እያረፈ ያነባል፤ ሲጨርስ ምን እንደ ተባለ ቢጠየቅ ግን ዐይኑን ወደ ገጹ መልሶ ዝም ይላል። በጥንቱ የንባብ ቤት ዳዊትን የሚደግም ልጅ የመዝሙሩን ፍቺ አለማወቁ አያስወቅሰውም ነበር፤ ቋንቋው ግእዝ ነውና፣ የንባብ ቤቱም ድርሻ ዐይንንና አንደበትን ማሠልጠን ሆኖ ትርጓሜው ለሌላ ጉባኤና ለሌላ ዕድሜ የተቀመጠ ነበርና። አማርኛን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው የዛሬው ልጅ ግን በአማርኛ የተጻፈውን ሲያነብ ቃላቱን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። ቃላቱን ሁሉ እያወቀ ነገሩን ካላወቀ፣ የጎደለው ነገር በቃላት ትርጉም የሚሞላ አይደለም ማለት ነው፤ ስለዚህም ብዙ መምህራን የሚያደርጉት፣ ከምንባቡ በታች የአዳዲስ ቃላትን ፍቺ ማስጻፍ፣ ጠቃሚ ቢሆንም በሽታውን አይነካውም።

በሐዋርያት ሥራ በስምንተኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ስለ ጥምቀቱ ነው፤ እኔን ግን ከጥምቀቱ አስቀድሞ ያለው ንባቡ ዘወትር ያስደንቀኛል። የንግሥት ህንደኬ ባለሟልና የገንዘቧ ሁሉ አዛዥ የነበረው ይህ ሰው ማንበብን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ በኢየሩሳሌም ሰግዶ ሲመለስ ወደ ጋዛ በሚወስደው በምድረ በዳው መንገድ ላይ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ድምፁን እያሰማ ያነብ ነበርና፣ ሊያስተምረው የተላከው ፊልጶስም ሮጦ በቀረበ ጊዜ የሰማው ይህንኑ ንባብ ነው። የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ በተጠየቀ ጊዜ ሥልጣኑና ክብሩ አዎን እንዲል ሳያስገድዱት፣ የሚመራው ሳይኖር እንዴት እንደሚቻለው መልሶ ጠየቀ፤ ቀጥሎም ነቢዩ ይህን የሚናገረው ስለ ማን እንደ ሆነ፣ ስለ ራሱ ይሁን ወይስ ስለ ሌላ፣ እንዲነግረው ለመነው። ባነበበው ክፍል የተጠቀሰው በግ ምን እንደ ሆነ፣ መታረድም ምን እንደ ሆነ፣ በሸላቹ ፊት ዝም ማለትም ምን እንደ ሆነ ለዚህ ሰው የሚነግረው አላስፈለገውም፤ የፈለገው እነዚህ ቃላት ሁሉ ተሰብስበው የሚያመለክቱትን ማወቅ ነበር፤ ፈልጎም መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባውን ጥያቄ በመጀመሪያ ጠየቀ። መንፈስ ቅዱስም በዚያ መንገድ ላይ ያለ መምህር ሊገልጥለት ይቻለው የነበረውን በመምህር ገለጠለት፤ ፊልጶስን ወደ ሠረገላው እንዲቀርብ አዘዘው፤ ፊልጶስም ትምህርቱን የጀመረው ከሌላ ስፍራ ሳይሆን ከዚያው ጃንደረባው ያነብበው ከነበረው ክፍል ነው። እንግዲህ ማስተዋል ሀብት ነው መባሉ መምህርን ከሥራው የሚያሰናብት ሆኖ አልተገኘም።

መምህሩ ሊሠራው የሚገባው ሥራ ምን እንደ ሆነ ለማየት፣ አንድ አንቀጽ ለተማሪዎች ቀረበ እንበል። አንቀጹ የሚለው እንዲህ ነው፤ ዐጼ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. የቈረቈሯት አዲስ አበባ ሕዝቧ እየበዛ ሲሄድ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቈረጠ ተመናመነ፤ ከዚህም የተነሣ በ1890ዎቹ ዓመታት ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ወዳለችው ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው በዚያ የቤተ መንግሥት ሥራ አስጀምረው ነበር፤ ነገር ግን ከአውስትራልያ ምድር የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ የሚያድግ፣ ተቈርጦም ከጕቶው እንደ ገና የሚያቈጠቍጥ ስለ ሆነ፣ በከተማዋ ዙሪያ በተተከለ ጊዜ የእንጨቱን ችግር አቃለለው፤ መናገሻዋም በቦታዋ እንድትጸና ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ከዚህ በኋላ መምህሩ የአንቀጹን ዋና ሐሳብ ሲጠይቅ፣ አንዱ ልጅ ስለ ባሕር ዛፍ ነው ይላል፤ ሌላው ባሕር ዛፍ ውኃ እየመጠጠ መሬት የሚያደርቅ ክፉ ዛፍ ነው ይላል፤ ሦስተኛው የከተማዋን መቈርቈር የሚናገረውን የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር እንዳለ ያነብባል።

የመጀመሪያው ልጅ ከስሕተት ይልቅ ወደ እውነት የቀረበ ነው፤ ስለ ምን ለሚለው መልሶ፣ ስለ እርሱስ ምን ይላል ለሚለው ሳይመልስ ቀረ እንጂ። መምህሩ ሁለቱን ጥያቄዎች ለይቶ በየጊዜው ቢጠይቀው በአንድ ወር ውስጥ ይታረማል። ሦስተኛውም ልጅ የሳተው ኃይለ ቃል፣ የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የያዘው ዐረፍተ ነገር፣ በአንቀጽ መጀመሪያ ይገኛል የተባለውን ሕግ ያለ ምርመራ ስለ ያዘ ነው፤ ወደዚህ ሕግ ኋላ እመለሳለሁ። ልቤን የሚያስጨንቀኝ ሁለተኛው ልጅ ነው።

ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ ያለውም ነገር በብዙ ገበሬ አፍ የሚነገር፣ ምናልባትም ከአባቱ የሰማው፣ እውነትነትም ያለው ነገር ነው። ችግሩ ጸሐፊው ያላለው መሆኑ ነው። ልጁ ባሕር ዛፍ የሚለውን ስም ባየ ጊዜ በልቡ ተቀምጦ የነበረው የራሱ ሐሳብ ተነሥቶ የጸሐፊውን ድምፅ ሸፈነው፤ ያነበበውም መጽሐፉን ሳይሆን ራሱን ሆነ። እኛም አዋቂዎቹ ዘወትር የምንፈጽመው በደል ይኸው ነው፤ ባልንጀራችን ተናግሮ ሳይጨርስ የሚለውን ያወቅን እየመሰለን፣ ካለው ይልቅ ይላል ብለን የጠበቅነውን ሰምተን እንከራከረዋለን፣ እንፈርድበታለንም። በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር የተባለው ትእዛዝ በችሎት ፊት ለሚቆመው ምስክር ብቻ የተሰጠ እንደ ሆነ አድርገን ካላሳነስነው በቀር፣ ጸሐፊው ያላለውን ብሏል ማለት ከዚሁ ትእዛዝ ውስጥ የሚገባ ይመስለኛል። በክፍል ውስጥ ያለው አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ የመጽሐፉ ጸሐፊ ተነሥቶ እንዲህ አላልሁም ሊል አይችልም፤ ወይ ሩቅ ነው፣ ወይ ሞቷል። ስለዚህ አንባቢው ፈራጁም ጠበቃውም ሆኖ በአንድ ጊዜ ይቀመጣል፤ በዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጥም ሰው ቢያንስ ንባቡ እስኪፈጸም ድረስ የራሱን ሐሳብ ዝም ማሰኘት ይገባዋል። ይህ ዝምታ ጸሐፊው ባለው መስማማት ማለት አይደለም። ልጁ አንቀጹ የሚለውን ጸሐፊው ራሱ ቢሰማ እውነት ነው፣ ይህን ብያለሁ ሊል በሚችልበት ሁኔታ ከተናገረ በኋላ፣ እኔ ግን ባሕር ዛፍን አልወደውም፣ ምክንያቴም ይህ ነው ቢል መብቱ ነው፤ መምህሩም ሊደሰትበት ይገባል። መብቱ የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

በሰሜን አፍሪቃ በሂፖ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው አውግስጢኖስ ስለ ክርስትና ትምህርት በጻፈው መጽሐፍ ይህን ነገር በጥንቃቄ መርምሮታል። እንደ እርሱ አባባል መጽሐፍን ተርጕሞ እግዚአብሔርንና ባልንጀራን ወደ መውደድ የማያደርስ ሰው ገና አላስተዋለም፤ ወደ ፍቅር የሚያደርሰውን ትርጓሜ አግኝቶ ጸሐፊው ያሰበውን የሳተ ሰው ደግሞ ውሸታም ባይባልም፣ መንገዱን ትቶ በእርሻ መካከል አቋርጦ መንገዱ ወደሚያደርስበት ስፍራ እንደ ደረሰ መንገደኛ ነው። ሰውየው ደርሷል፤ ሆኖም አውግስጢኖስ እንዲሁ አይተወውም፤ ከመንገድ መውጣት ልማድ የሆነበት ሰው አንድ ቀን ወደማይገባ ስፍራ ይደርሳልና ሊታረም ይገባዋል ይላል። የሁለተኛውን ልጅ ስሕተት፣ እውነት ተናግሯልና ብለው በዝምታ የሚያልፉ መምህራን ይህን የመጨረሻውን ነገር ቢያስቡበት እወዳለሁ።

እዚህ ላይ ከገዛ ቤታችን የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። የኛ የመጻሕፍት መምህራን ለአንድ ንባብ አንድ ፍቺ ሰጥተው አያቆሙም፤ አንድም እያሉ ሁለተኛውን፣ አንድም እያሉ ሦስተኛውን ያስከትላሉ፤ በዚህ ጉባኤ ያደገ ሰው አንድ ዋና ሐሳብ ብቻ አውጣ ሲባል ትምህርቱ ጠባብ ቢመስለው አይፈረድበትም። ሶርያዊው ቅዱስ ኤፍሬምም የእግዚአብሔር ቃል ለሚማሩት ሁሉ እንደየመጠናቸው ልዩ ልዩ ገጽ እንዳለው አስተምሯል። ይሁን እንጂ የአንድምታውን ጉባኤ ቀርቦ ያየ ሰው ሁለቱ እንደማይጣሉ ይረዳል። መምህሩ መጀመሪያ ንባቡን ያስነብባል፣ ቀጥሎ የንባቡን ቀጥተኛ ፍቺ በአማርኛ ያስቀምጣል፣ አንድም የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ እያንዳንዱም አንድም በንባቡ ቃል ላይ የተመሠረተና ከሃይማኖቱ ድንበር የማይወጣ፣ በቅብብል ከሊቃውንት የደረሰ እንጂ ተማሪው በዚያ ቀን ደስ እንዳለው የፈጠረው አይደለም። ብዛቱ የመጣው ከንባቡ ጥልቀት ነው። ከዚህም በላይ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ተናጋሪ እግዚአብሔር ስለ ሆነ ጥልቀቱ የማይመረመር ቢሆን፣ ስለ አዲስ አበባ ደን የጻፈው ጸሐፊ ግን እንደ እኛ ያለ ሰው ነውና ሊል የፈለገው ነገር የተወሰነ ነው፤ የተወሰነውን አልፎ መተርጐም ለእርሱ የማይገባውን ክብር መስጠት፣ ወይም የማይገባውን ዕዳ መጫን ነው።

የትርጓሜው ጉባኤ ለንባብ ብቻ ሳይሆን ለጽሕፈትም የሚሆን ታላቅ መሣሪያ እንዳቈየልን ማሳየት እፈልጋለሁ፤ ይህንም መሣሪያ በዘመናዊው ክፍል ሲጠቀሙበት እምብዛም አላየሁም። ሊቃውንቱ በሐተታቸው አንድ ነገር ከተናገሩ በኋላ፣ ስለ ምን ቢሉ፣ እንዴት ነው ቢሉ፣ በምን ይታወቃል ቢሉ፣ እያሉ በፊታቸው የሌለውን ጠያቂ ያስነሡና ለእርሱ ይመልሱለታል። የሚቀጥለው ቃል የሚመጣው የፊተኛው ቃል ያስነሣውን ጥያቄ ለመመለስ ነው። ለተማሪው አንቀጽህ አንድነት ይኑረው፣ ዐረፍተ ነገሮችህ ይያያዙ ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው፤ ልጁ ግን በምን እንደሚያያዙ አያውቅም። ከዚያ ይልቅ ኃይለ ቃልህን ጻፍ፣ ከዚያም ጓደኛህ ይህን ቢሰማ ምን ብሎ ይጠይቅሃል፣ ለእርሱ መልስለት፣ እንደ ገናስ ምን ይልሃል ብለን ብናስተምረው መያያዙ ራሱ ይመጣል። የመንደራችን ገበያ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሜዳ ሊዛወር ይገባዋል ብሎ የጀመረ ልጅ፣ ስለ ምን ቢሉ፣ የአሁኑ ስፍራ በክረምት ስለሚጨቀይ ነው፤ ታዲያ ወንዙን በምን ይሻገሩታል ቢሉ፣ ድልድይ አለ፤ እያለ ሲሄድ በመካከል አጎቱ በዚያ ገበያ ጫማ የገዛለት መሆኑን ሊጽፍ ቢያምረው፣ ይህ ለየትኛው ጠያቂ መልስ እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቃል፤ ጠያቂ አያገኝለትምና ያወጣዋል። መምህሩም ያንን ዐረፍተ ነገር በቀይ ቀለም ከመሰረዝ ይልቅ ሌላ አንቀጽ እንዲከፍትለት ቢመክረው መልካም ነው፤ ስለ ጫማውና ስለ አጎቱ ቸርነት ሊነገር የሚገባው ብዙ ነገር ሊኖር ይችላልና።

የቅኔ ቤቱም ሥርዐት በዚህ ይረዳናል። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ወይም በዋድላ ሥርዐት የሚማረው የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቱ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚ በዝኁ፣ ወደ ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴ እያለ ወጥቶ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። ሁለት ቤት ትንሽ ቢመስልም ምሥጢሩ የተሟላ መሆን አለበት፤ ሙሉ ሐሳብ በሁለት ቤት መቋጠር ያልቻለ ተማሪ ወደ ሦስት ቤቱ አይሻገርም። ለብቻው ርቆ ቅኔውን ከቈጠረ በኋላም በመምህሩ ፊት ለነገራ ይቀርባል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርመዋል። በአዲሱ ትምህርት ቤት ግን ሁለት ዐረፍተ ነገር በአንድ ሐሳብ ማሰር ያልቻለውን ልጅ ስለ ትምህርት ጥቅም አንድ ገጽ ድርሰት ጻፍ እንለዋለን፤ እርሱም ገጹን መሙላት ግዴታው መሆኑን እንጂ ሐሳብ መያዝ ግዴታው መሆኑን ሳይማር ያድጋል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ በማኅበር መካከል ማንም በማያስተውለው ልሳን እልፍ ቃል ከመናገር ሌላውን የሚያስተምሩ አምስት ቃላት እንደሚበልጡበት ገልጧል፤ እኔም ለጀማሪው ተማሪ ከአምስት ዐረፍተ ነገር በላይ ባይታዘዝ፣ አምስቱ ግን እስኪስተካከሉ ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲጽፋቸው ቢደረግ የተሻለ ነው እላለሁ።

ኃይለ ቃልን በመጀመሪያ ስለ ማስቀመጥ ወደ ተባለው ሕግ እመለሳለሁ። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ማሰሪያውን የሚያገኘው በመጨረሻው ላይ ነው፤ ሰሚውም እስከዚያ ድረስ ታግሦ ይጠብቃል፤ ልጃችሁን ለልጃችን ብለው የሚመጡ ሽማግሌዎችም ጉዳያቸውን ገና ከደጃፍ አይናገሩም፤ ሰላምታውን አድርሰው፣ ዘመድነቱን አስታውሰው፣ ቀስ ብለው ወደ ነገሩ ይደርሳሉ። በዚህ ልማድ ያደገ ልጅ ዋናውን ነገር ገና ሲጀምር ተናገር ቢሉት ነውር ሊመስለው ይችላል። ስለዚህም በጽሕፈት ጀማሪው ኃይለ ቃሉን በፊት ያስቀምጥ ዘንድ ማስተማሩ ተገቢ ቢሆን፣ አንባቢው በፊቱ የለምና ፊቱን አይቶ ነገሩን ሊያስረዝም ወይም ሊያሳጥር አይችልምና፣ በንባብ ግን ሕጉን እንደ ማይጣስ ትእዛዝ ማስያዝ የራሳችንን ጸሐፍት እንዳይሰማ ማደንቈር ነው። ብዙዎቹ ሐሳባቸውን በአንቀጹ ፍጻሜ የሚያስሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹም በአንድ ዐረፍተ ነገር ሳይጠቀልሉት በጠቅላላው ውስጥ ሰውረው ይተዉታል።

አሁን በመጀመሪያ ላነሣሁት ጥያቄ መልስ ልስጥ። በነህምያ መጽሐፍ በስምንተኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፣ ከባቢሎን ምርኮ የተመለሰው ሕዝብ በውኃው በር ፊት ባለው አደባባይ በተሰበሰበ ጊዜ ዕዝራ በእንጨት መድረክ ላይ ቆሞ ከማለዳ እስከ ቀትር የሕጉን መጽሐፍ አነበበ፤ ሌዋውያንም በሕዝቡ መካከል ሆነው የተነበበውን ትርጕሙን ያስተውሉ ዘንድ ያስረዱ ነበር። ሕዝቡም ሁሉ አለቀሰ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር ተፈጽሟል። የተነበበው ምን እንደሚል ሕዝቡ ዐወቀ፤ ይህ የሌዋውያኑ ሥራ ነበር፤ በትጋትም በትዕግሥትም ተሠራ። የተነበበውም ስለ እርሱ የተነገረ መሆኑን ሕዝቡ በልቡ ተረዳ፤ ይህን ከሌዋውያን አንዱም ለማንም አልሰጠም። ከላይ የሚሰጠው ማስተዋል ይህ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ የፊተኛው ግን እንደ ማንኛውም ሥራ የሚለመድ፣ የሚታረም፣ ከመምህር ወደ ተማሪ የሚተላለፍ ነው። የፊተኛው ባይኖር ደግሞ ሁለተኛው በምን ላይ ያርፋል? ያልተሰማ ቃል ማንን ያስለቅሳል?

እንግዲህ ለዚህ ልጅ ማስተዋል አልተሰጠውም የሚል መምህር ሲያጋጥመኝ፣ ልጁን ስለ ምን ይናገራል፣ ስለ እርሱስ ምን ይላል ብሎ ስንት ጊዜ እንደ ጠየቀው፣ መልሱንም እስከ መጨረሻው አዳምጦት እንደ ሆነ መጠየቅ እወዳለሁ። በብዙ ትምህርት ቤት የንባብ ፈተና ከአራት ምርጫ አንዱን ማክበብ ሆኗልና፣ ተማሪው ዋናውን ሐሳብ ሌላ ሰው ጽፎ ሲያሳየው ይለየዋል እንጂ በራሱ ቃል ሲናገረው የሚሰማው የለም። በክፍሉ ያለው የተማሪ ብዛት ሁሉን ለማረም እንደማያስችል ዐውቃለሁ፤ ይህም እውነተኛ ችግር ነው። ሆኖም በሳምንት አንድ ቀን እያንዳንዱ ተማሪ አንድ አጭር አንቀጽ ጽፎ ደብተሩን ከጎኑ ለተቀመጠው ልጅ ቢሰጥ፣ ያም ልጅ ካነበበ በኋላ ደብተሩን ዘግቶ ጓደኛው ምን ሊል እንደ ፈለገ በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢናገር፣ ጸሐፊውም አዎን ወይም አይደለም ብሎ ቢመልስለት፣ አይደለም በተባለ ጊዜ ደግሞ ስሕተቱ ካነበበው ይሁን ወይስ ከጻፈው ሁለቱ አብረው ወደ ገጹ ተመልሰው ቢመረምሩ፣ መምህሩ በወንበሮቹ መካከል እየተመላለሰ ሙግታቸውን ለመስማትና ለተቸገሩት ለመድረስ ጊዜ ያገኛል።